ውጤታማ ማለት ምን ማለት ነው? ከደጋን የእጅ ፓምፕ የተማርኩት

(በቀድሞ ተማሪዎች የዳግም መገናኛ በዓል ላይ በኮምቦልቻ ግቢ የተደረገ ንግግር። ለዓመት መጽሐፉ በተናጋሪው በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ውጤታማነት ተናገርልን» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ እንቢ ማለት ነበር። ስለ ውጤታማነት የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዞሮ ዞሮ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ የማይሠራን ነገር «ውጤታማ ነው» ብዬ ፈርሜ አውቃለሁ። ያ ፊርማ እንዲከበር ያደረገውን ዲግሪ የሰጡኝ ሰዎች ደግሞ ዛሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ይህንን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም ብዬ መጣሁ።

በቃሉ ልጀምር። «ውጤት» የመጣው «ወጣ» ከሚለው ግስ ነው። የወጣው ነገር ማለት ነው። እዚህ ግቢ ሳለን ውጤት ማለት በሰሌዳው ላይ ከመታወቂያ ቁጥራችን ትይዩ የሚለጠፈው ፊደል ነበር። «ውጤት ወጣ!» ሲባል ከካፌ ምሳችንን ጥለን የሮጥንበትን ቀን የምትረሱ አይመስለኝም። ሥራ ስንይዝ ደግሞ ቃሉ የሪፖርት ቃል ሆነ። በእቅድና ሪፖርት ቅጾቻችን ላይ የሠራነውም «ውጤት» ይባላል፣ በሠራነው ምክንያት የተለወጠውም «ውጤት» ይባላል። ጉድጓዱ መቆፈሩ ውጤት ነው፤ እናቲቱ ንጹሕ ውሃ መጠጣቷም ውጤት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል ተጠርተው እንደ አንድ ነገር ተቆጠሩ። የዛሬው ንግግሬ በነዚህ ሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ከመምጣቴ በፊት የድሮ የዶርም ጓደኞቼንና ሌሎች የማውቃቸውን ባለሙያዎች ደውዬ «በእናንተ ሙያ ውጤታማ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲሱ ጓደኛዬ ሳያስብ ነው የመለሰልኝ። «እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚቆጠረው ቅልጥፍና ነው» አለ። የሽመና ማሽን በ8 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ 6 ሰዓት ከሠራ 75 በመቶ ነው፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ትንሽ ቆየና ግን ሳቀ። «ገዢ ያጣ ጨርቅ በ95 በመቶ ቅልጥፍና ባመርት እኮ መጋዘን ነው የምሞላው» አለኝ። ፒተር ድራከር የተባለው የአስተዳደር ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሥራ ኃላፊዎች በጻፈው መጽሐፍ ላይ ያነሳው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ሥራን አሳምሮ መሥራትና መሠራት ያለበትን ሥራ መምረጥ ለየቅል ናቸው። ቢፒአርና ካይዘን ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን በገቡባቸው ዓመታት ስንቶቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን እንደሄድን እናውቃለን። ፋይሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሄድበት ጊዜ አጠረ፤ ፋይሉ ራሱ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

ሐኪሟ ደግሞ ሌላ ቃል አመጣች፤ «ፍቱን» የሚለውን። መድኃኒት በጥናት ላይ፣ በሚገባ ተይዞ፣ በሰዓቱ ተሰጥቶ ሲሠራ ፍቱን ነው። በጤና ኬላ ደረጃ ሲሠራ ነው ውጤታማ የሚባለው። ምሳሌዋ የኩፍኝ ክትባት ነበር። በ9 ወር ዕድሜ የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉን ይከላከላል ይባላል። ነገር ግን ከ100ዎቹ የተከተቡት 60ዎቹ ብቻ ቢሆኑስ? 60ን በ85 በመቶ ስታባዙት 51 ይሆናል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ሲገባው መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሞቆ ከነበረ ደግሞ ከ51ም ይወርዳል። «ክትባቱ አልተለወጠም። መንገዱ ነው የበላው» አለችኝ። አርቺ ኮክሬን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ውጤታማነትና ቅልጥፍና ባሳተመው መጽሐፍ የሙያ ጓደኞቹን ያስጨነቀው በዚሁ መስመር ነበር፤ የምትሰጡት ሕክምና ካለመስጠት የተሻለ መሆኑን በምን አወቃችሁ እያለ።

የሕግ ባለሙያው መልስ አጭር ነበር። «በሕግ አንድ አዋጅ ውጤት የሚኖረው ከጸናበት ቀን ጀምሮ ነው» አለኝ። አዋጆቻችን መጨረሻ ላይ የሚጸናበት ጊዜ የሚል አንቀጽ አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሕጉ አገሩ ተለውጧል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል። በወረቀት ላይ የጸናው በአንድ ቀን ነው። በአንዲት የገጠር ልጅ ሕይወት ላይ የሚጸናው ግን አስተማሪዋ፣ አባቷና የቀበሌው ሰው በያሉበት ቦታ ሕግ ሲሆኑላት ነው። ይህ ደግሞ ቀን የለውም።

የኢኮኖሚክስ መምህሩ የነገረኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በእነሱ ሙያ «ውጤታማ ፍላጎት» ማለት በመግዛት አቅም የተደገፈ ፍላጎት ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ቢራብም ገበያው አይሰማውም። ይህ ነገር ለእኛ ለወሎ ሰዎች የመማሪያ መጽሐፍ ትርጉም ብቻ አይደለም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትት መጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ የሰጠው ለኢትዮጵያ ነው፤ ዋናው ማስረጃውም በ1965 ዓ.ም. እኛው ዘንድ የሆነው ነው። ያየው ነገር ይህ ነበር። ሕዝብ እያለቀ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። ለምን? እርሻው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም ጠፋው፤ ከብቱም በርካሽ ሄደ። ስለዚህ የሱ ረሃብ በገበያው ላይ ዋጋ ሆኖ አልታየም። ገበያው እንደ ገበያ ሥራውን ሠርቷል፤ እህሉን ገንዘብ ወዳለበት አድርሷል። ለነጋዴው ሠርቷል፣ ለመንገዱ ሠርቷል። በመንገዱ ዳር ለወደቀው ሰው ግን አልሠራም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ «ውጤታማ ነው» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለማን? ደግሞስ መቼ ተቆጥሮ?

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ አልቡኮ ወረዳ የወጣ ሰው ማይባርን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያውን ጣቢያ የከፈተው እዚያ ነው። ከዝናብ በኋላ በጅረቱ የሚወርደው ውሃና ደለል ለዓመታት ተለካ። የአፈር እርከን፣ ፋንያ ጁ የሚባለው አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን፣ የሣር መስመር በየተራ ተፈተኑ። በዚያው ዘመን በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በወሎ ተራሮች ላይ በጣም ብዙ እርከን ይሠራ ነበር፤ የአንድ ቀን ሥራ ዋጋም 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። የኔም አባት ለዚያ ስንዴ ድንጋይ ተሸክሟል። ሪፖርቱ የሚጻፈው በኪሎ ሜትር ነበር።

በማይባርና በሌሎቹ ጣቢያዎች የተገኘው ነገር ምን ነበር? እርከኖቹ የሚታጠበውን አፈር በእጅጉ ቀንሰዋል። ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልጨመረም። እርከኑ ራሱ ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል፤ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ከኋላው ውሃ ይተኛና ሰብሉን ያቀጭጨዋል። እንግዲህ የአፈር ተመራማሪው በሄክታር ስንት ቶን አፈር ዳነ ብሎ ሲቆጥር «ውጤታማ ነው» ይላል፤ ልክ ነው። ገበሬው ደግሞ ከጥማዱ ስንት ኩንታል ወጣ ብሎ ሲቆጥር «ምን ጠቀመኝ?» ይላል፤ እሱም ልክ ነው። አንዱ የሚቆጥረው ልጆቹ የሚያርሱትን አፈር ነው፤ ሌላው የሚቆጥረው እስከ መጪው መኸር ያለውን ጉሮሮ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ገበሬው እርከኑን ያፈረሰው ስላልገባው አይመስለኝም። ማንም የሱን ቆጠራ በቅጹ ላይ አልጻፈለትም።

ይህንን ሁሉ የነገርኳችሁ የራሴን ጥፋት በሌላ ሰው ታሪክ ለመሸፈን አይደለም። አሁን ወደራሴ ልምጣ።

እኔ የደጋን ልጅ ነኝ። ደጋንን የማታውቋት ካላችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ሌሊትና ቀን የሚያልፉባት። ከዚህ ግቢ በ2004 ከተመረቅሁ በኋላ በውሃ ሥራ ላይ ተሰማራሁ። በ2009 የምሠራበት ድርጅት በትውልድ አካባቢዬ ስድስት የእጅ ፓምፖች ሊተክል ሲወሰን ሥራው ለኔ ተሰጠ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እናቴ በጀርባዋ እንስራ የተሸከመችበት መንገድ ነው። ጉድጓዶቹ ተቆፈሩ፣ ፓምፖቹ ተተከሉ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀቡ። ሽማግሌዎች መረቁ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቴን ጻፍኩ። ግብ 6፣ ክንውን 6፣ አፈጻጸም 100 በመቶ። ቀጥሎም ሽፋኑ ተሰላ። አንድ ፓምፕ ለ300 ሰው ይበቃል ተብሎ ተወስዶ ስድስቱ በ300 ተባዝቶ 1,800 ሰው የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ሆነ። ያኔ የነበረው የገጠር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከቤቱ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። በካርታው ላይ ክቡን አስምሬ፣ ቤቶቹ ክቡ ውስጥ መግባታቸውን አይቼ ፈረምኩ።

በዓመቱ ለለቅሶ ወደ ደጋን ሄድኩ። አክስቴን፣ እኛ እቴቴ የምንላትን፣ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ቢጫ ጀሪካን አዝላ ከታች ከወንዙ እየወጣች። ጀሪካኑን ከጀርባዋ ተቀብዬ «እቴቴ፣ ፓምፑስ?» አልኳት።

«ፓምፑማ አለ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። «ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ውሃ የለውም እንጂ።»

እየቀለደች አልነበረም። ቅር እንዳይለኝ ፈርታ ነው በቀለሙ የጀመረችው። ቀጥላም «ባለፈው እንኳን ከቢሮ መጥተው ፎቶ አንስተውት ሄዱ። አብሽር፣ አልጠፋም» አለችኝ። እኔን ነው የምታጽናናኝ! ሃያ ሊትሩ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ወደ ቤት ስንወጣ የምመልሰው አጣሁ።

በማግስቱ ፓምፑን አስፈታሁት። ጉድጓዱ ውሃ ነበረው። ያለቀው አንዲት የጎማ ቀለበት ናት፤ በመዳፍ የምትያዝ፣ በየጊዜው መለወጥ ያለባት። የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ አሰባስቦ በሳጥን ይዟል። ጎማዋን የሚሸጥ ግን ደጋንም የለ፣ ኮምቦልቻም ፈልገው አላገኙም። ከጊዜ በኋላ ሰዉ ጉድጓዱ ደርቋል ብሎ ተወው። በዚያው ሳምንት ሌሎቹን አምስቱን ዞሬ አየሁ። ከስድስቱ ውሃ የሚሰጡት ሁለቱ ነበሩ። ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ሪፖርቴን ደግሜ አነበብኩት። አንድም ውሸት የለበትም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ስድስት ተባለ፣ ስድስት ተተከለ።

ይህ ደግሞ የደጋን ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በማንኛውም ቀን ብትሄዱ ከእጅ ፓምፖቹ ከአራት አንዱ፣ አንዳንዴም ከሦስት አንዱ አይሠራም ይላሉ። ሽፋኑ ግን የሚሰላው ሁሉም እንደሚሠሩ ተቆጥሮ ነው።

ወደ ሥራ ስመለስ በቅጹ ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨመር ጠየቅኩ። «ዛሬ ውሃ አለው ወይ?» የሚል። ሳይነገር በበጋ፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተሂዶ የሚሞላ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሐሳብህ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ሌላው ሁሉ 100 በመቶ እየጻፈ እኛ ብቻ 33 በመቶ ብንጽፍ የምንቀጣው እኛ ነን።» እውነቱን ነው። እኔም ልንገራችሁ፣ በዚያ ዓመት ዝም አልኩ። አንድ የሪፖርት ዘመን ሙሉ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ነው የጻፍኩት። የቡድናችን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ወረደ፤ ዕድገት ይጠብቅ የነበረ ባልደረባዬ በዚያ ምክንያት ቀረበት። እስከ ዛሬ በሙሉ ልቡ አያነጋግረኝም። ልጆች አሉት፤ አልፈርድበትም።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ለመሐንዲስ የሚያኮራ አይደለም። ደጋን ገበያ ላይ አንድ ባለሱቅ ጎማዎቹን ከሚስማሩና ከባትሪው ጋር አብሮ እንዲይዝ ተስማማ። ከኮሚቴው ሁለት ወጣቶች ፓምፕ ፈትቶ መግጠም ተማሩ፤ መፍቻው ተሰጣቸው። ይኸው ነው። ከስድስቱ አምስቱ ተመለሱ። ስድስተኛው ግን እስከ ዛሬ አልሠራም፤ ያኛው ጎማ አይደለም፣ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ።

ከዚህ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። ነገርን ከሚቀበለው ሰው በኩል መቁጠር ስትጀምር ቁጥርህ መጀመሪያ ይበላሻል። ሥራው የተበላሸው ግን ያን ቀን አይደለም። ያን ቀን ታየ እንጂ።

ታሪካችን ይህንን ይመሰክራል። ፈንጣጣን እናስብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ዘመቻውን ሲያጠናክር መጀመሪያ የተያዘው ግብ ከሕዝቡ 80 በመቶውን መከተብ ነበር። የተከተበው እየተቆጠረ፣ ቁጥሩ እያማረ በሽታው ግን በየመንደሩ ቀጠለ። ከዚያ ነው ቆጠራው የተለወጠው። የተከተበው ሰው ሳይሆን የታመመው ሰው ይቆጠር፤ ታማሚው ያለበት መንደር ተፈልጎ ይገኝ፤ በዙሪያው ያለው ይከተብ ተባለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ ላይ ነው። ቀደም ሲል በዓመት የሚመዘገበው ታማሚ በመቶዎች ነበር። የቁም ፍለጋ በተጀመረበት በዚያው ዓመት ግን ከ26 ሺህ በላይ ተገኘ። እስቲ በዚያ ወቅት የጤና ኃላፊ የነበረ ሰው ቦታ ሆናችሁ አስቡት! «በእርስዎ ዘመን በሽታው በብዙ እጥፍ ጨመረ» ሊባል ነው። ግን አልጨመረም፤ ታየ። ስለታየም በእግር፣ በበቅሎ፣ በሄሊኮፕተር ተከተሉት። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያውን አስቀያሚ ቁጥር ፈርቶ የደበቀ ቢኖር ኖሮ የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ አይሆንም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ወደ መምህሮቼ ልምጣ፤ በአክብሮት ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ30 ሺህ በታች ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። አገሩ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ የእህቴ ልጅ ከወደቁት አንዱ ነው። ግን ልጆቹ በአንድ ሌሊት ደንቁረው ነው? አይደለም። ለዓመታት የቆጠርነው ስንት ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንቱ አለፈ የሚለውን ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ቁጥሮች ነበሩ፤ እንደ ስድስቱ ፓምፖቼ። በ2015 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት ከመቶ 41 ያህል ሆኑ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቻርልስ ጉድሃርት የተባለ እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1975 በገንዘብ ፖሊሲ ላይ ያነሳው ሐሳብ ዛሬ በየሙያው ይጠቀሳል፤ አንድ መለኪያ ግብ በተደረገ ጊዜ ጥሩ መለኪያነቱ ይቀራል ይላሉ። የመውጫ ፈተናው የመምህሩ ግብ ከሆነ መምህሩ ፈተናውን ማስተማር ይጀምራል፤ ያለፈው ዓመት ጥያቄ ማስተማሪያ ይሆናል። ቁጥሩ ይወጣል፤ ድልድዩ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፈተናውን አልቃወምም። ፈተናው የሐኪም ሙቀት መለኪያ ነው፤ ሙቀት መለኪያውን በረዶ ውስጥ ብንነክረው በሽተኛው አይድንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሥራችሁ ምንም ይሁን ምን የሚያገለግሉ። አንደኛ፣ ይህ ሥራ የሚሠራው ለማን ነው? ስሙን መጥራት እስክትችሉ ድረስ። ለእኔ «1,800 ተጠቃሚ» ማለት ምንም አልነበረም፤ እቴቴ ማለት ግን ሁሉም ነገር ነበር። ሁለተኛ፣ መቼ ነው የሚቆጠረው? በምረቃው ቀን ከሆነ ገና አልተቆጠረም። ክረምት ካለፈ፣ ጎማው ካለቀ፣ ፎቶ አንሺው ከሄደ በኋላ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ማን መሰከረ? የሠራው ሰው ብቻ ከመሰከረ ምስክር የለም።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በ2014ቱ ጦርነት ዩኒቨርሲቲያችን ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን፤ የተዘረፈውን ቤተ ሙከራ በዓይናችን ያየን እዚህ አለን። ለመርዳት ገንዘብ አዋጥተናል፣ ወደፊትም እናዋጣለን። እንግዲህ በሚቀጥለው ስንገናኝ ይህን ያህል ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ማይክሮስኮፕ ሰጠን ብለን ብቻ አናጨብጭብ። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እዚህ መድረክ ላይ ይውጣና በዚህ ሴሚስተር በየትኛው መሣሪያ ስንት ጊዜ እንደሠራች ትንገረን። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለም ትንገረን። ዝቅተኛ ቁጥር ብትነግረን አንቆጣት፤ እናመስግናት።

ስለ እኛም ስለ ተመራቂዎቹ እንዲሁ። ይህ የዓመት መጽሐፍ ሁልጊዜ ስማችንን፣ የተመረቅንበትን ዓመት፣ ማዕረጋችንንና የሥራ ቦታችንን ያትማል። ደስ ይለኛል፤ እናቴም ታስነብበዋለች። ግን በሚቀጥለው እትም ከስማችን ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ዓምድ ብትጨመር ምን ይመስላችኋል? «ከአምስት ዓመት በፊት የሠራኸው ዛሬ ይሠራል ወይ?» የምትል። እኔ የራሴን አሁኑኑ ልሙላ፤ ከስድስት አምስት። ስድስተኛውን ለማስተካከል ሌላ ቦታ መቆፈር አለበት፤ ቦታውን በዚህ በጋ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆነን እናያለን። አሁን ከመቆፈሬ በፊት ሴቶቹን እጠይቃለሁ፤ ውሃ በየትኛው ወር የት እንደሚሸሽ ከኔ ካርታ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

መምህሮቼ፣ እናንተ ያስተማራችሁኝ ፓምፕ እንዴት እንደሚተከል ነው፤ በደንብ አስተማራችሁኝ፣ ውለታችሁ አለብኝ። የተከልኩት ውሃ እንዳለው መጠየቅን ደግሞ አክስቴ አስተማረችኝ። ሁለቱም ትምህርት በአንድ ካሪኩለም ውስጥ ቢገባ ከኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች እንደኔ ሁለት ዓመት አይፈጅባቸውም።

እንግዲህ አብሽሩ። የሠራነው የሚሠራ ያድርግልን፤ ሰላሙን ያምጣልን፤ በሚቀጥለው ዓመት በጤና ያገናኘን።